ከብልቃጥ ክዳን የተሠራ ሚዛን

ነርስ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ እከፍታለሁ። ብልቃጡ አናት ላይ ባለቀለም የፕላስቲክ ክዳን አለች። በአውራ ጣት ወደ ላይ ሲገፏት ጠብ ትላለች። ቀይ አለች፣ ሰማያዊ አለች፣ ብርቱካናማ አለች። መድኃኒቱንም በሽተኛውንም ሳትነካ ቀጥታ ወደ ቅርጫት ነው የምትገባው። አንድ ቀን ሁለቱን ኪሴ ከተትኳቸው። ማታ በማስመሪያ ስለካቸው እያንዳንዳቸው 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኑ።

2 ሴንቲ በ12 ሲባዛ 24 ሴንቲ ነው። የጋሼ ሚዛን ሳህን ያንን ያክል ነበር።

ጋሼ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ትልቁም ትንሹም ጋሼ ነበር የሚላቸው። ሱቁ ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት አንዲት ክፍል ነበረች። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚሠራው ድርጅታቸው፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» የመጣ ነው ይባላል። እኛ ግን ያደግነው ከጣሊያን ቤቶቹ ጀርባ፣ ጭቃው መሃል ነው። በ2017 ሰፈሩ ፈረሰ። እማዬ ዛሬ ገላን በኩል ነው የምትኖረው። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ሱቁን ከወዳደቀ ነገር እየሠራሁ ነው፤ የእውነተኛውን አንድ አሥራ ሁለተኛ አድርጌ።

ይህ መለኪያ የኔ ፈጠራ አይደለም። የአሻንጉሊት ቤት የሚሠሩ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ነው። የእንግሊዞች አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነ፣ ጫማውን ኢንች አድርገው ይሠራሉ። ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የንግሥት ሜሪ የአሻንጉሊት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ያለቀው፣ በዚሁ ልክ ነው የተሠራው። ንድፉን ያወጣው ኤድዊን ለቺንስ የተባለው አርክቴክት ነው። ቧንቧው ውኃ ያፈሳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ያሉት ጠርሙሶች እውነተኛ ወይን አለባቸው። ሳነበው በጣም ደስ አለኝ። የንግሥቲቱ ቤትና የጋሼ ሱቅ በአንድ ማስመሪያ መለካታቸው ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ፎቶ የለንም። በዚያ ዘመን ሱቅ ማን ፎቶ ያነሳል? ስለዚህ በራሴ ቁመት ለካሁት። ሰባት ዓመቴ እያለ ባንኮኒው አገጬ ጋ ይደርስ ነበር። በጣቶቼ ከቆምኩ የከረሜላው ብልቃጥ ይታየኛል። የሰባት ዓመት ልጅ 1 ሜትር ከ20 አካባቢ ነው፤ ሥራዬ ስለሆነ ልጅ ስለካ ነው የምውለው። ከአገጭ በላይ ያለውን ስቀንስ 1 ሜትር ይቀራል። በ12 ሲካፈል 8 ሴንቲ ከ3 ሚሊ። ባንኮኒውን በዚያ ልክ ቆረጥኩትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ትክክል ነው። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ አገጬ አወቀ።

መስኮቱን በተመለከተ ግን ከእማዬ ጋር ተጨቃጨቅን። እኔ እንደ በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው አልኩ።

«ኧረ ወዲያ! ወደ ላይ ተነስቶ በዱላ ነበር የሚደገፈው» አለች። «አንቺ ልጅ፣ ያ ጣውላ ስንቴ ነጠላዬን ይዞ አስቀርቶኛል!»

እሷ ልክ ናት። ነጠላ የያዘ ጣውላ አይረሳም። የሠራሁትን መስኮት ነቅዬ እንደገና ጀመርኩ።

አሁን ስለ ግድግዳው ላውራ፤ ሦስት ወር የፈጀብኝ እሱ ነው። መጀመሪያ ካርቶን ላይ ጭቃ ለጠፍኩ። ካርቶኑ ውኃውን ጠጥቶ እንደ ቅል ጎበጠ። ቀጥሎ ዕቃ ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም ቆርጬ በኡሁ ላጣብቀው ሞከርኩ። ኡሁው ፎሙን በላው። ከዚያ በኋላ ነው የገባኝ። የጭቃ ቤት እንደ ጭቃ ቤት ነው መሠራት ያለበት፤ ቋሚው ቆሞ፣ ማገሩ ተማግሮ።

እርሳስ የሚያክል የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ለቀምኩ። በመለኪያችን እርሳስ ማለት ደህና አጠና ነው። ልጣጩን ልጬ አቆምኩት። ለማገር የመጥረጊያ ጭራሮ ሰነጠቅኩ። ምስማር በዚህ ልክ ስለማይገኝ በክር አሰርኩት። ጭቃውን ግን ከአበባ ማሰሮዬ ዝቄ ስመርገው በማግስቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጣጠቀ። ለእማዬ በስልክ ነገርኳት።

«አፈሩ ምን ዓይነት ነው?»

«ጥቁር።»

«መረሬ ነዋ! መረሬ ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር አምጪ። ጭድ አገባሽበት?»

«አላገባሁም።»

«አቦካሽውስ?»

«ትናንት ነው ያቦካሁት።»

«በአንድ ቀን የቦካ ጭቃ ያየሽው የት ነው?»

ቅዳሜ ከገላን ድረስ አንድ ፌስታል የጤፍ ጭድ ይዛ መጣች። ጭዱ ግን ለኔ ግድግዳ ረጅም ነው። 3 ሴንቲ የሆነ ጭድ በትልቁ ሲታሰብ 36 ሴንቲ ነው፤ እንደ ሸንበቆ ነው የሚመስለው። በመቀስ ከታትፌ በሻይ ማጥለያ ነፋሁት። ከቀይ አፈር ጋር ለውሼ፣ ጆግ ውስጥ ከድኜ፣ በየማታው ውኃ እየረጨሁ ሳምንት አቆየሁት። በእግር የሚረገጠውን እኔ በሁለት ጣት ረገጥኩት። በሰባተኛው ቀን ሽታው ተለወጠ። የዝናብ ማግስት ሽታ፣ ቤት የሚሠራበት ግቢ ሽታ። እማዬ አሽትታ «አሁን ሆነ» አለች። መጀመሪያ ምርጉን፣ ሲደርቅ ደግሞ ስሱን ልስን ቀባን። አልተሰነጠቀም። ከወገብ በታች ብቻ ትንሽ አንስቼ አረገፍኩት፤ የጋሼ ግድግዳ እዚያ ጋ የዝናብ ፍንጣቂ በልቶት ማገሩ ይታይ ነበር።

ክዳኑን ከምን ሠራሁት? ከካርቶን። ውጪ ያለ ቆርቆሮ ላይ ማስመሪያ ካስቀመጣችሁ ከአንዱ ቦይ እስከ ቀጣዩ ቦይ 7 ሴንቲ ተኩል አካባቢ ነው። በ12 ሲካፈል 6 ሚሊ ይመጣል። ካርቶን መሃል ያለው የተጣጠፈው ወረቀትስ? አንዳንዱ ካርቶን ልክ 6 ሚሊ ነው! ይህንን ያወቅኩ ቀን ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮህኩ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ስገባ ካርቶኑን እንጂ ዕቃውን አላይም።

አሠራሩ ይኸው። የካርቶኑን አንድ ገጽ በእርጥብ ስፖንጅ ታብሱታላችሁ። ሁለት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። የላዩን ወረቀት ከጥግ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ስትልጡት ቦዩ ይወጣል። ሲደርቅ በውኃ የቀጠነ ኮላ ትቀቡታላችሁ። አደራ፣ ክዳኑን ባንድ ቁራጭ እንዳትሠሩት። እንደዚያ ከሆነ መጫወቻ ይመስላል። ቆርቆሮ በቅጠል ነው የሚገዛው፤ 2 ሜትሩ ቅጠል 16 ሴንቲ ከ7 ሚሊ ይሆናል። እየቆረጣችሁ አንዱን በሌላው ላይ በአንድ ቦይ ደርቡት። የምስማሩን ራስ በደረቀ እስክሪብቶ ጫፍ ጫን እያደረጋችሁ አውጡት። ለዝገቱ ዝገት ራሱን ተጠቀምኩ። አሮጌ ምስማር በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቄ፣ ዱቄቱን ከኮላ ጋር ደባልቄ፣ ውኃ የሚወርድበትን መስመር ተከትዬ ቀባሁ። ዝገት የሚጀምረው ከምስማሩና ቅጠሎቹ ከሚደራረቡበት ነው። ሌላ ቦታ ብትቀቡት ዓይን ይይዘዋል።

ለዕቃው ቆራሌው ረዳኝ። «ሲስተር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልያዝልሽ?» ይለኛል ከበር። ትንሿ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ለላምባ በርሜል በወርዷ ልክ ናት፤ ቁመቷ ግን ያጥራል፤ ሁለት ቀጠልኩ። የሚዛኑ ሳህኖች ሁለት ብርቱካናማ ክዳኖች ሆኑ፤ ብር ቀለም ቀባኋቸው። ምሰሶው የእስክሪብቶ ቀፎ፣ ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ሐብል ነው። ስኳር የሚጠቀለልበት ወረቀት ከድሮ ደብተር ተቀደደ። የውስጥ ግድግዳው ላይ ጋሼ አዲስ ዘመን ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ ለጥፈው ነበር። ጋዜጣ በስልክ አንስቼ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳነስኩት። አንዱ ገጽ የክብሪት ቀፎ አከለ። በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩት፤ በኮላ ቢሆን ኖሮ እንደዚያ ቢጫ አይልም ነበር።

ከሁሉ ያስለቀሰኝ ጽሑፉ ነው። «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ግን አለ» የሚል ካርቶን በመደርደሪያው ላይ ተሰቅሎ ነበር። ከሥሩ ደግሞ የዱቤው ደብተር። ለሰፈሩ ሁሉ ዱቤ ይሰጡ ነበር። እኛ ቤት ወሩ አጋማሽ ላይ ገንዘብ አልቆ የምንበላው ከዚያ ደብተር ነው። ደብተሩን 1 ሴንቲ ተኩል አድርጌ ሰፋሁት። ውስጡ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አድርጌ መስመር መስመር ጻፍኩ። ማንም አያነበውም። ባዶ ማድረግ ግን አልቻልኩም።

ባለፈው እሑድ ሱቁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እማዬን ጠራኋት። መነጽሯን አደረገች። ጎንበስ ብላ በመስኮቱ አጮለቀች። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ጣቷን አስገብታ ሚዛኑን ነካችው፤ ተወዛወዘ። በርሜሉን አየች። ደብተሩን አየች። መደርደሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠረችው።

«ሻማውስ?» አለችኝ።

ሻማ ረስቻለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር እኔን ነበር የምትልከው። ጨለማውን እየሮጥኩ ወደዚያች ሱቅ የሄድኩበትን ቀን ብቆጥረው አያልቅም፤ ረሳሁት።

ወዲያው ስቴኪኒ አወጣሁ። ውፍረቱ 2 ሚሊ ስለሆነ በመለኪያው ደህና ሻማ ነው። በ1 ሴንቲ ከ7 ሚሊ ቆራርጬ ነጭ ቀለም ነከርኩት። በሰማያዊ ወረቀት ስድስት ስድስት አድርጌ ልጠቀልለው ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«ክሩን እንዳትረሺ።»