ሦስት ሌሊት ከእህቴ ስልክ ጋር

ከአልጋዬ እስከ ሳሎኑ ኮምፒውተር አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። እነዚህን አሥራ ሁለት እርምጃዎች ላለመራመድ ብዬ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ሳሎን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለን። ዊንዶውስ 10 ነው። ቤት ውስጥ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ እህቴም ሁሉን ነገር በስልኳ ነው የምትጨርሰው። እኔ ግን ቦይንክ ጫንኩበት። ለማያውቀው ሰው፣ ቦይንክ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ኮምፒውተር ለሳይንስ ስሌት እንዲውል የሚያደርግ ፕሮግራም ነው፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ነው የተወለደው። ትልቁ ስሌት ይቆራረስና በዓለም ዙሪያ ላሉ ፈቃደኞች ይታደላል፤ የያንዳንዱ ሰው ማሽን ድርሻውን ሠርቶ ይመልሳል። ደቦ በሉት።

የኔ ደቦ አንስታይን አት ሆም ነው። ከቴሌስኮፕ መረጃ ውስጥ ፑልሳር ይፈልጋል፣ ማለትም የሞተ ኮከብ ቅሪት ሆኖ እየተሽከረከረ ምልክት የሚልክ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ አዮዋ የሚኖሩ ባልና ሚስት ኮምፒውተርና ጀርመን ማይንዝ ያለ የሌላ ሰው ኮምፒውተር፣ ከአሬሲቦ ቴሌስኮፕ በተሰበሰበ መረጃ ውስጥ ማንም የማያውቀውን ፑልሳር አገኙ። ሰዎቹ የሥነ ፈለክ ሳይንቲስት አይደሉም፣ እንደኔ ፈቃደኞች ናቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ነው አባዜው የያዘኝ።

እማዬ ደግሞ ሳሎን ነው የምትተኛው። ኮሽ ባለ ቁጥር ትነቃለች። ስለዚህ ዴስክቶፑን ከመኝታ ክፍሌ፣ ከኡቡንቱ ላፕቶፔ ላይ ሆኜ ነው የምከታተለው፤ ቦይንክ ይህን ይፈቅዳል፣ የሌላውን ማሽን አድራሻና የይለፍ ቃል ሰጥተኸው በ31416 ፖርት፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ባለ ቁጥር መግቢያ በር፣ ይገባል። (የፓይ አሃዞች ናቸው። አንዴ ካየኸው አትረሳውም።) ለሁለት ወር ያህል ያለ ችግር ሠራልኝ።

ሐሙስ ማታ መብራት ሄደ። መጣ። ዴስክቶፑ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ አስተካክዬዋለሁ፣ የማራገቢያው ድምፅም በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ላፕቶፔ ግን አልገናኝ አለ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የይለፍ ቃሉን ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰው ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው መሰለኝ። ቦይንክ ሲጫን ራሱ የሚፈጥረው ቃል 32 ፊደልና ቁጥር የተደባለቀበት ነው። እሱን በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ገልብጬ ነበር፤ ደግሜ ጻፍኩት፣ ሰለስኩት፣ አንዷን 6 «b» ብዬ አንብቤያት ይሆናል ብዬ ደግሞ አጣራሁ። በኋላ ሳስበው ስሕተቱ ፊቴ ላይ ተጽፎ ነበር። የይለፍ ቃል ሲሳሳት ፕሮግራሙ «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» ይላል። የኔ የሚለው «መገናኘት አልተቻለም» ነበር። የይለፍ ቃሉ ጋ ጭራሽ አልደረስኩም፣ ገና በሩም ላይ አይደለሁም። ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማን መልእክት ያነባል?

ዓርብ ማታ ፒንግ አደረግኩ፣ ማለትም «አለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አጭር መልእክት ላክሁ። 192.168.1.3፣ የዴስክቶፑ አድራሻ። መለሰልኝ! እንግዲያው ማሽኑ በሕይወት አለ፣ ገመዱ ደህና ነው፣ ችግሩ ቦይንክ ላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ፖርቱን ስሞክር ደግሞ ወዲያው «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ይለኛል። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ይጠቅመው ይሆናል። መከልከልና ዝምታ አንድ አይደሉም። በር አንኳኩተህ ማንም ካልመለሰልህ ወይ ቤቱ ባዶ ነው፣ ወይ ዘበኛው፣ ማለትም ፋየርዎሉ፣ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል። «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ከተባልክ ግን ብዙውን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ሰው አለ፣ አንተ የምትፈልገው ሰው ነው የሌለው። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ሌሊቱን ሙሉ የዊንዶውሱን ፋየርዎል በሐሳቤ ስከስሰው አደርኩ።

አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር። የፒንጉ መልስ አንዴ በ5 ሚሊሰከንድ ይመጣል፣ አንዴ 300 ይሞላል። ዴስክቶፑ በኬብል ነው ከሞደሙ ጋር የተያያዘው፣ እንዲህ ሊያንቀላፋ አይገባውም። ፒንጉን ከፍቼው ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ዳቦ ልትገዛ ወጣች። ፒንጉ ሞተ። ተመለሰች። ፒንጉ ነፍስ ዘራ።

ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ። ከዚያ ሳቄ መጣ። መብራት ሲመለስ ሞደሙ ማን የትኛውን አድራሻ ይዞ እንደነበር ረስቶ፣ ቀድሞ ለደረሰው ሁሉ እንደ አዲስ አድሏል። ስልክ ደግሞ ባትሪ አለው፣ አሮጌ ዴስክቶፕ ተነሥቶ ዓይኑን እስኪያሽ ድረስ የእህቴ ስልክ 3 ቁጥርን ወስዶ ተቀምጧል። ሁለት ሌሊት ሙሉ የ32 ፊደል የይለፍ ቃሌን ይዤ ደጅ የጠናሁት ስልኳን ነው። እሱም በትሕትና «እንዲህ የሚባል የለም» ሲለኝ ነበር። ነገርኳት። «ስልኬን ትሰልላለህ እንዴ?» አለችኝ።

ሞደሙ ገጽ ላይ ስገባ ዴስክቶፑ 6 ሆኗል፣ የኔ ላፕቶፕም ከ4 ወደ 2 ተዛውሯል። ማታ አዲሱን አድራሻ ሰጥቼ ሞከርኩ። ገባ ሲል ወጣ። ተያያዘና ወዲያው ተቆረጠ። እሺ ብዬ በባዶ እግሬ አሥራ ሁለቱን እርምጃ ተራመድኩ፣ የዴስክቶፑን የብርሃን መጠን ወደ ታች አድርጌ የቦይንክን መዝገብ ከፈትኩ። ካልተፈቀደለት አድራሻ ጥያቄ መጥቷል ይላል። ቦይንክ ከሌላ ማሽን ማን መግባት እንደሚችል የሚያይበት ሪሞት ሆስትስ የሚባል ፋይል አለው፣ እዚያ ውስጥ ያለው የላፕቶፔ የድሮ አድራሻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ብልጥ ልሁን ብዬ ፋይሉን ጨርሶ አጠፋሁትና በኖትፓድ አዲስ ጻፍኩ። ቦይንክን ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው። ሩብ ሰዓት አፈጠጥኩበት። ኖትፓድ ለካ በስሙ ጫፍ ላይ «ቲኤክስቲ» ጨምሮበታል፣ ዊንዶውስ ደግሞ ያችን ጭራ ይደብቃታል። ለዓይን ትክክለኛ ስም ነው፣ ለቦይንክ ግን እንዲህ የሚባል ፋይል የለም። ጭራውን ቆረጥኩ። ገባሁ።

እማዬ ነቅታ ኖሯል፣ ከጋቢዋ ውስጥ ሆና «ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«ተበላሽቶ ነበር፣ አሁን ሠራ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጉረመርም ነው ያደረው እኮ። እሱ እየሠራ ነው፣ አንተ ነህ ያልሠራኸው።»

የቦይንክን የሥራ ዝርዝር ስከፍት ልክ ነበረች። መብራት በሄደ ሰዓት ከያዘው ጥቂት ደቂቃ ቢያጣ ነው፣ በየጊዜው የደረሰበትን ዲስክ ላይ ስለሚጽፍ ከዚያው ቀጥሏል። ሐሙስ ሌሊት አንድ ጨርሶ ልኳል። ዓርብም ልኳል። እኔ አልታየኝም እንጂ የጎደለ ነገር አልነበረም።

እሑድ ሞደሙ ላይ ለሁለቱም ማሽኖች ቋሚ አድራሻ አስያዝኩላቸው፣ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነበር። አንድ ጓደኛዬ «ፖርቱን ወደ ውጭ ክፈተውና ከቢሮም ግባበት» ብሎኝ ነበር። አይሆንም። በዚያ ፖርት የሚያልፈው ወሬ አልተመሰጠረም፣ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ከውጭ የግድ ካስፈለገኝ በቪፒኤን፣ ማለትም በተመሰጠረ የግል መስመር፣ እገባለሁ። ደግሞስ ከቢሮ ሆኜ ምን ልመለከት ነው?

አሁን ይህን ስጽፍ አንዱ ሥራ 61 በመቶ ላይ ነው። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል፣ ሳይሄድብኝ ልለጥፈው።