ዳማ ዛሬ ክንፉን አመጣችልኝ

ዳማ ላብራዶር የሚባል ዝርያ ውሻ ናት፣ ገና ስድስት ወሯ። ለወፍ አደን ራሴ ነኝ የማሰለጥናት። እዚህ ሚኒሶታ በየቀኑ ከሥራ መልስ ሜዳ እንወጣለን፤ አስር ደቂቃ ብቻ፣ ቡችላ ቶሎ ይሰለቻል።

ዛሬ የፌዘንት ክንፍ (የኛ ቆቅ ዘመድ ነው) ሣር ውስጥ ደበቅኩላት። ነፋሱ ፊት ለፊት እንዲመጣላት አድርጌ ለቀቅኳት። አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ጭራዋ ፈጠነ። ከዚያ ጭንቅላቷ ሣሩ ውስጥ ጠፋ። ክንፉን ሳታኝክ፣ በስሱ ይዛ መጥታ እግሬ ሥር ቆመች። እንባዬ መጣ።

ባለፈው ሳምንት አጥፍቼ ነበር። ቸኩዬ አጠገቧ ተኮስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከመኪና አልወርድም አለች። አሁን ምግቧን ስትበላ ብቻ፣ ያውም ከሩቅ፣ ድምፁን አሰማታለሁ። ጥቅምት ላይ አደኑ ሲከፈት ካልደረሰች ትቅር፣ አላጣድፋትም።

ነገ ክንፉን ትንሽ ራቅ አድርጌ እደብቀዋለሁ።