የግራ ጡቴና የቁልቢው ገብርኤል

ክብር ምስጋና ለልዑል እግዚአብሔር ይሁን። ስለቴ «በአደባባይ እመሰክራለሁ» የሚል ነበርና ይኸው ላድርሰው።

የግራ ጡቴ ሲጠዘጥዘኝ ከርሞ፣ አንድ ማታ ገላዬን ስታጠብ ብብቴ አጠገብ ጣቴ ድቡልቡል ነገር ነካ። ስጫነው ሸሸት ይላል፤ ያማል። ባለቤቴ ጂቡቲ መስመር ላይ ነው። የድሬን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ መብራት ሄዶ ቬንትሌተሩ ስለቆመ ልጆቹን ግቢ ምንጣፍ አንጥፌ አስተኛኋቸው። ለእኔ እንቅልፍ ከየት ይምጣ! አክስቴን የቀበርናት በጡት ካንሰር ነው። ጠፍቶ ይሆን ብዬ እነካዋለሁ፤ አለ። ደግሞ እነካዋለሁ፤ አለ። ትንሿ ልጄ በእንቅልፍ ልቧ «እማ» ስትል አንጀቴ ተላወሰ። ያኔ ፈጣሪን ተቆጣሁት፤ አልደብቅም። «ገና ፊደል ያልቆጠሩ ልጆቼን ለማን ልትሰጣቸው ነው? አክስቴ አልበቃችህም?» አልኩት፣ ልክ እንደ እኩያዬ። ዳዊት ልደግም ብል አፌ ላይ የመጣው «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብቻ። ሊነጋጋ ሲል ጉልበቴ አለቀ። «የቁልቢው፣ ይህን አሳልፈኝና ጥላ ይዤልህ እመጣለሁ» አልኩ።

ጎረቤቴን ሐጂያን እግዜር ይስጥልኝ! ፊቴን ስታይ ምንም ሳትጠይቅ ልጆቹን ወሰደች፤ የባጃጅም ጨመረችልኝ። «አላህ ያሽርሽ፣ ሂጂ» አለችኝ።

ሐኪሟ ዳሰሰችኝ፣ በአልትራሳውንድ አየችው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ ሲስት ይሉታል። በመርፌ ስትስበው ስሪንጁን ቢጫ ውሃ ሞላው፣ እብጠቱም ከእጇ ሥር ሟሸሸ። ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለብኝ። ዕድሜ ይስጣትና አልቸኮለችብኝም። ብዙ ሴት የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል በሆርሞን የተነሳ ሁለቱም ጡቷ ከብዶ እንደሚያማት፣ የምታጠባ እናት ወተት ሲቋጠርባት ጡቷ ቀልቶ እንደሚያተኩሳት፣ አንዳንዴም ሕመሙ ከጡት ሳይሆን ከደረት ጡንቻና ከጎድን መጋጠሚያ እንደሚነሳ አስረዳችኝ። ሕመም ብቻውን ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። የማያም እብጠት ግን አይናቅም፤ ቆዳው ከጎደጎደ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ካወጣ ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ነው። እህቶቼ፣ ጠበሉ ከሐኪም አይጣላም።

ወራት አልፈው ለክትትል ስመለስ እብጠት የሚባል የለም።

ታኅሣሥ 19 ከባለቤቴ ጋር ጥላውን ይዘን ቁልቢ ወጣን። ሐጂያ «ለገብርኤልሽ» ብላ የሻማ መግዣ ሰጥታኝ ስለነበር የእሷንም አበራሁላት። እልል በሉልኝ!