የኋለኛው መኝታ ክፍል ግድግዳ

በቤት ማጠናቀቂያ ሥራ ከተሰማራሁ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። የጀመርኩት በቀለም ቀቢነት ሲሆን፣ ቀስ በቀስ ልስንን፣ ጂፕሰምን፣ የወለል ንጣፍንና የቧንቧ ጥገናን አንድ ላይ የሚይዝ አነስተኛ ቡድን መርቼ መሥራት ቻልኩ። ከሥራዬም ሰፊውን ድርሻ የያዘው ለሽያጭ የሚቀርቡ መኖሪያ ቤቶችን ማሰናዳት ነው። በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ ገርጂ አካባቢ፣ በአንድ ቤት ላይ የፈጸምኩትን ስሕተት የምጽፈው በዚሁ ሙያ ላይ ያሉ ወጣቶች ከእኔ ቀድመው እንዲያውቁት ስለምፈልግ ነው።

የቤቱ ባለቤት ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ሁለቱም ልጆቻቸው አሜሪካ ይኖራሉ። ብቻቸውን ሰፊ ግቢ መጠበቁ ስለከበዳቸው ቤቱን ሸጠው እኅታቸው በሚኖሩበት ሰፈር አነስ ያለ ቤት ለመግዛት ቆርጠዋል። ግቢው ንጹሕ፣ ቤቱም ባለሦስት መኝታ ክፍል የብሎኬት ቤት ሲሆን፣ መሠረቱ በድንጋይ በደንብ የተሠራ ነበር። የሚያስፈልገው ቀለም ብቻ እንደሆነ አስቀድሞ የነገረኝ ሽያጩን የያዘው ደላላ ነው። «ሁለት ሳምንት አለህ፤ ሰው ሲገባ ዓይኑ እንዲሞላ አድርገህ አሳምርልኝ» አለኝ። ጥር ወር ነበር፤ ደረቅና ፀሐያማ፣ ለቀለም ሥራ ከዓመቱ ሁሉ የሚመረጥ ጊዜ።

የመጀመሪያው ዕለት ክፍሎቹን ስዞር ከመታጠቢያ ክፍሉ ጋር በሚዋሰነው የኋለኛው መኝታ ክፍል ውስጥ ቆም አልኩ። ከአልጋው ራስጌ በስተጀርባ፣ ከዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ከሚዞረው ጠርዝ) በላይ እስከ ጉልበት ድረስ፣ ግድግዳው ጠቆር ብሎ ነበር። ከጠቆረው በላይም እንደ ዱቄት የላመ ነጭ ነገር ተነጥፏል። በጣቴ ስነካው እየተፈረፈረ ወረደ። ይህ ጨው ነው፤ ውኃ በልስኑና በብሎኬቱ ውስጥ ያለውን ጨው አሟሙቶ ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ውኃው ሲተን ጨው ብቻውን በግድግዳው ገጽ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ነጩን ዱቄት ያየ ባለሙያ ግድግዳው ውስጥ የሚመላለስ ውኃ እንዳለ ሊጠራጠር አይገባውም። እኔም አልተጠራጠርኩም፤ አውቄዋለሁ። እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ የሚጀምረው።

ለደላላው ነገርኩት፤ «እርሱን ዝጋውና እንቀጥል» አለኝ። ለቤቱ ባለቤት ግን ምንም አልተናገርኩም፤ እርሳቸውም ወደዚያ ክፍል እምብዛም ስለማይገቡ የግድግዳውን ሁኔታ አያውቁም ነበር። ዱቄቱን በሽቦ ብሩሽ አራገፍኩ፣ የላላውን ልስን በስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ርጥበቱን እንዲያፍንልኝም ሁለት እጅ ዘይት ቀለም ቀባሁበት። በዘጠነኛው ቀን ክፍሉ ከሁሉም ክፍሎች ይበልጥ ያምር ነበር። ደላላው ፎቶ ሲያነሳ ከዚያ ክፍል ነበር የጀመረው።

ገዢዎቹ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ቤቱን በወደዱት በሳምንቱ፣ በየካቲት አጋማሽ፣ በምስክሮች ፊት ተፈራርመው 300,000 ብር ቀብድ ከፈሉ። ዋናው ውል በውልና ማስረጃ የሚፈጸመው ግን ቆይቶ ነበር፤ ካርታው ገና በሟቹ ስም ስለነበረ የወራሽነት ማስረጃው እስኪሟላና ልጆቹ ውክልናቸውን በኤምባሲ በኩል አረጋግጠው እስኪልኩ መጠበቅ ግድ ሆነ። ያ መዘግየት ባይኖር ኖሮ ቤቱ በየካቲት ተላልፎ፣ ችግሩ በገዢዎቹ እጅ ክረምት ላይ ይፈነዳ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ይከብደኛል።

በመጋቢት የበልጉ ዝናብ ጣለ። የገዢው ባለቤት ለመጋረጃ መስኮት ልትለካ ከእናቷና ከትንሹ ልጇ ጋር መጣች፤ እኔም የጎደለ በር እጀታ ልገጥም እዚያው ነበርኩ። ልጁ በኋለኛው ክፍል ግድግዳ ላይ እንደ እንቁላል ያበጠ ነገር አግኝቶ በጣቱ ይጫነው ጀመር። ቀለሙ እንደ ቆዳ ተለጥጦ ነበር። ልጁ ሲጫነው ተቀደደና ከውስጡ ቢጫ ያለ ውኃ በቀጭኑ ወርዶ ዞኮሎው ላይ ተንጠባጠበ። ከሥሩ የሞላሁት ስቱኮ እንደ እርጎ ረግቶ ይታይ ነበር። የልጁ አያት ቀረብ ብለው ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ፣ መዳፋቸውን አሸተቱ፣ ከዚያም ማንንም ሳያዩ «ይኼ ዛሬ የመጣ አይደለም» አሉ።

በማግስቱ የገዢዋ ወንድም ከባልየው ጋር መጣ። ዐውቀው ደብቀውናልና ቀብዱን እጥፍ አድርገው ይመልሱ አለ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ካፈረሰ እጥፍ እንደሚመልስ መደንገጉ ይታወቃል፤ የእኚህ እናት ጉዳይ በዚያ ይዳኛል ወይስ አይዳኝም የሚለውን የሕግ ሰው ያየዋል። ለእርሳቸው ግን ከገንዘቡ ይልቅ የከበደው ሌላ ነበር። አርባ ዓመት በኖሩበት ሰፈር፣ በዕድር ጓደኞቻቸው ፊት፣ አታላይ ተባሉ። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳሎን ውስጥ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ግድግዳውን ስትቀባው ዐውቀህ ነበር?» አሉኝ።

«አዎን እማማ፣ ዐውቄ ነበር» አልኩ።

«ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? እኔ እኮ ለሰዎቹ ቤቱ ጤነኛ ነው ብዬ ምዬላቸዋለሁ።»

ደላላው እንዳዘዘኝ መናገር እችል ነበር፤ እውነትም ነበር። ነገር ግን ብሩሹን የያዘው የእኔ እጅ ስለሆነ አልተናገርኩም። ምክንያቱን ፈልጌ በራሴ ወጪ እንደማስተካክለው፣ ለገዢዎቹም እኔው ራሴ ሄጄ እንደምነግራቸው ቃል ገባሁ። በዚያው ምሽት ሄድኩ። ባልየው ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ካዳመጠኝ በኋላ ውክልናው እስኪመጣ ድረስ ጊዜ ሰጠኝ፤ ግድግዳው በትክክል ካልዳነ ቀብዳቸው ብቻ ተመልሶላቸው እንደሚለያዩም በሽማግሌ ፊት ተስማማን።

ሥራውን በዚህ ጊዜ ከመጨረሻው ሳይሆን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ውኃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ። በመጀመሪያ የዘይት ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ፍቄ አነሳሁ፤ ዘይት ቀለም ርጥብ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ውኃው መውጫ አጥቶ ከጀርባው ስለሚጠራቀም፣ ሽፋን መስሎ ችግሩን ያባብሰዋል። ቀጥሎ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ነጭ ላስቲክ በአራቱም ጎን በፕላስተር አየር በማያስገባ መንገድ ለጠፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ሳየው ጠብታው ከላስቲኩ ውስጥ፣ በግድግዳው በኩል ነበር። ጠብታው በክፍሉ በኩል ብቻ ቢሆን ኖሮ የክፍሉ አየር መታፈን ነው ብዬ መስኮት በማስከፈት እጨርሰው ነበር፤ በግድግዳው በኩል መሆኑ ግን ርጥበቱ ከውስጥ እንደሚመጣ ያስረዳል።

ከዚያ ወደ ቆጣሪው ዞርኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በቤቱ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዘግተን የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍኩ፤ እማማም እስኪነጋ ድረስ ውኃ እንዳይከፍቱ ለመንኳቸው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ቁጥሩ ተቀይሮ ነበር፤ ትንሿ ቀይ ጎማም ማንም ውኃ ሳይነካ በዝግታ፣ ሳታቋርጥ ትዞራለች። የመታጠቢያ ክፍሉን ሴራሚክ ከጥጉ ሦስት ያህል አንስተን ስንመለከት የሻወሩ ቧንቧ በሚገጣጠምበት ቦታ ላብ የሚመስል ውኃ ይወጣ ነበር። ለዓመታት እንዲሁ ሲያልብ ኖሯል።

ቧንቧውን ቀይሮ መጨረስ ይቀል ነበር፤ ሆኖም ጥቁረቱ ከመታጠቢያ ክፍሉ ርቆ እስከ ሌላኛው ጥግ መሄዱ አላሳመነኝም። በውጭ በኩል ዞሬ ሳይ በግድግዳው ርዝመት የጽጌረዳ መደብ ነበረ። ሟቹ የቤቱ ጌታ በየዓመቱ አፈርና ፍግ እየጨመሩ ሲንከባከቡት መደቡ ከቤቱ ወለል በላይ አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሏል። የአሸንዳው መውረጃ ቱቦም ከታች ተሰብሮ የጣሪያውን ውኃ ሁሉ ያፈሰው መደቡ ላይ ነው። የገርጂ አፈር ጥቁር መረሬ ነው፤ ውኃ ከያዘ ቶሎ አይለቅም። ብሎኬቱና ልስኑም ይህን ርጥበት የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ አድርገው ወደ ላይ ይስቡታል። (ይኸው አፈር ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅም የሚሰነጠቅ በመሆኑ፣ በዚያ አካባቢ ባሉ ቤቶች ላይ የሚታይ ሰያፍ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ መነሻው እርሱ ነው፤ ስንጥቅን በስቱኮ ደፍኖ መሸጥም ከእኔ ጥፋት የሚለይ አይደለም።)

ጽጌረዳው መነሣት እንዳለበት ለእማማ መንገር ከሁሉ ይልቅ አስቸገረኝ። ግንዱ የክንድ ውፍረት ነበረው፤ ባለቤታቸው በመጀመሪያ ልጃቸው ልደት የተከሉት መሆኑን ጎረቤት ነግሮኛል። በዚህ ጊዜ ግን ምንም ሳልሸፍን መደቡን፣ ቱቦውንና ግድግዳውን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ብዙ ሳይናገሩ አዩትና «እርሱ ቢሰማ ቤቱን አስቀድም ይል ነበር» አሉ። ቅርንጫፉን አሳጥረን፣ ከነአፈሩ በጆንያ ጠቅልለን፣ ወደ አጥሩ ጥግ አዛወርነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ሥራ ነው። አፈሩን ከወለሉ ሃያ ሳንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ቆርጠን አወጣን፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ አነጠፍን፣ የአሸንዳውን ቱቦ ቀይረን ውኃው ወደ ቦይ እንዲሄድ አደረግን። በውስጥም የረጠበውን ልስን ከጥቁረቱ ምልክት በላይ ግማሽ ሜትር ጨምረን አራገፍን። ጨዉን በውኃ አላጠብነውም፤ ውኃ መልሶ ስለሚያሰርገው በደረቅ ብሩሽ ብቻ ጠረግነው። ብሎኬቱን እንደተራቆተ፣ መስኮቱንም እንደተከፈተ፣ አምስት ሳምንት ተውነው። በዚህ መሐል ደላላው ሦስት ጊዜ እየመጣ በጊዜው መርዘም ተቆጥቷል፤ መቆጣቱን አልፈርድበትም፣ መቸኮሉን ግን ዳግመኛ አልተቀበልኩም። አዲሱን ልስን ከለሰንን በኋላም 28 ቀን ሳይሞላው ቀለም አላስነካሁትም፤ ሲቀባም ትንፋሽ የሚሰጥ ፕላስቲክ ቀለም ነበር።

ውክልናው በሰኔ መጀመሪያ ሲደርስ እማማ ወረቀትና እስክርቢቶ አስመጥተው ስለ ቤቱ የሚያውቁትን ሁሉ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ። የሳሎኑ መስኮት ዝናብ በነፋስ ሲመጣ ትንሽ ያስገባል፤ የወጥ ቤቱ ሁለተኛ ሶኬት አይሠራም፤ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣልና በርሜሉን ሞልቶ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የኋለኛው ክፍል ግድግዳ በዚህ በዚህ ምክንያት ረጥቦ፣ በዚህ መንገድ ተጠግኗል። ከሥሩ ስማቸውን ፈረሙ፤ እኔንም አስፈረሙኝ። ገዢዋ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብባ ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ጽጌረዳውን ይወስዱት እንደሆነ። እማማም «ሥሩን ሁለት ጊዜ አናናውጠው፤ አንቺ አጠጪልኝ» አሏት። ዋጋውም ሳይቀነስ ውሉ በዚያው ሳምንት ተፈጸመ።

በነሐሴ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ ገዢዎቹን አስፈቅጄ ያችኑ ላስቲክ ይዤ ሄድኩ። ከአልጋው ራስጌ ጀርባ በአራቱም ጎን ለጥፌ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ባደረ በማግስቱ ተመለስኩና ልጁ እያየኝ ገለጥኳት። በግድግዳው በኩል ጠብታ አልነበረም።