ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት

ባለፈው ጥር ባሕር ዳር የሄድኩት አጎቴን ለመጠየቅ ነበር። አጎቴ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ድረስ ሠላሳ ዓመት ያህል አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዱ፣ ዛሬ በጡረታ አባይ ማዶ የሚኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ለንደን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ። ሁለት ሾፌሮች አንድ ቤት ካደሩ ወሬው ከመኪና አይርቅምና፣ የቆየሁባቸው አራት ቀናት ለከተማ የሚበጀው አውቶቡስ ምን ዓይነት ነው በሚል ክርክር አለፉ።

ክርክሩን የቀሰቀሰው በሁለተኛው ቀን ያየነው ነገር ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ ዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ቆመን ሳለ አንድ መካከለኛ አውቶቡስ መጣ። ባጃጆች የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ይዘው ተደርድረው ስለነበር አውቶቡሱ ከጠርዙ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ አስፋልቱ ላይ ቆመ። ረዳቱ በሩን ሲከፍት ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን ሰብስበው የበሩን ብረት ጨበጡና፣ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ከመሰላል እንደሚወርድ ሰው በጀርባቸው መውረድ ጀመሩ። አንድ እግራቸው መሬቱን ሲፈልግ ጥቂት አየር ላይ ቆየ። በዚያው ቅጽበት በባጃጆቹና በአውቶቡሱ መካከል በቀረችው ክፍተት አንድ ወጣት በብስክሌት መጣ፤ ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማው ተንሸራተተና ባጃጅ ሥር ወደቀ። ደግነቱ የከፋ ነገር አልደረሰም፤ የልጁ ክርን ተላጠ፣ የእናቲቱም ሎሚ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሰዉ ሁሉ ልጁን ተቆጣ፤ ልጁ ደግሞ ረዳቱን ተቆጣ። አጎቴ ግን ማንንም ሳይናገሩ ወደ በሩ ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉና፣ ከአስፋልቱ እስከ መጀመሪያው መርገጫ ያለውን ከፍታ በእጃቸው ሰንዝረው ተመለሱ።

«ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት» አሉኝ። «ይኼ ደረጃ አይደለም፤ አጥር ነው።»

እኔ በሥራዬ የለመድኩት አውቶቡስ ወለሉ ከመሬት ከፍ የሚለው 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፌርማታ ላይ ሾፌሩ ማብሪያ ሲጫን በበሩ በኩል ያለው የአየር ከረጢት ይተነፍስና አውቶቡሱ ወደ ጠርዙ ያዘነብላል፤ ሽማግሌውም፣ ሕፃን የያዘችውም፣ ከበሩ በሚዘረጋው መወጣጫ በዊልቸር የሚሄደውም ያለ ማንም ድጋፍ ይገባሉ። የእኛ መካከለኛ አውቶቡሶች፣ በተለይም ቅጥቅጥ የምንላቸው፣ መሠረታቸው የጭነት መኪና ሻንሲ ስለሆነ ወለላቸው የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማ ከሚያደርሱት ከካርዳኑና ከዲፈረንሻሉ በላይ መዘርጋት ግድ ይሆናል። ወለሉ ከፍ ሲል የመኪናው የክብደት ማዕከል አብሮ ከፍ ይላል፤ ጣሪያው ላይ ዕቃ ሲጨመርበት ደግሞ ኩርባ ላይ ለመገልበጥ የቀረበ ይሆናል። በሩ አንድ ብቻ ሲሆን ወራጅና ተሳፋሪ እዚያው ይጋፋሉ፣ ረዳቱ ይቸኩላል፣ ሾፌሩም አንዳንዴ በሩ ሳይዘጋ ይነሳል። ለአውቶቡስ ቦዲ ጥንካሬ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 66 የሚባል መለኪያ አለ፤ አውቶቡሱ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው መድረክ ላይ በጎኑ ይገለበጣል፣ ተሳፋሪው የሚቀመጥበት ቦታም ሳይጨፈለቅ መቅረት አለበት። ይህን ስነግራቸው አጎቴ በየጋራዡ የሚሠራውን ብየዳ የሚፈትነው የበያጁ ዓይን ብቻ መሆኑን እያዘኑ አጫወቱኝ።

ለንደንም ቢሆን ስለ አውቶቡስ ብዙ ተጨቃጭቃለች። እ.ኤ.አ. በ1956 ሥራ የጀመረው ሩትማስተር የሚባለው ባለ ፎቅ አውቶቡስ ከኋላው በር የሌለው ክፍት መውጫ ነበረው፤ ሰው መብራት በያዘው ቁጥር ዘሎ ይወጣል፣ ዘሎ ይወርዳል። ከተሜው እንደ ቅርስ ይወደው ነበር፤ ነገር ግን ባለ ዊልቸር ፈጽሞ ሊሳፈርበት አይችልም ነበር፣ ከዚያ መውጫ ላይ ወድቀው የተጎዱም ነበሩ። በ2005 ከመደበኛ ሥራ ወጣ። በእነዚያው ዓመታት 18 ሜትር ርዝመትና ሦስት በር ያላቸው፣ መሐላቸው የሚተጣጠፍ ባለ ሁለት ክፍል አውቶቡሶች ገቡ፤ እኔም ነድቼአቸዋለሁ። እነዚህ ደግሞ መስቀለኛ መንገድ ይዘጋሉ፣ ሲታጠፉ ብስክሌተኛውን ያጣብቃሉ፣ በሦስቱም በር ስለሚገባባቸው ሳይከፍል የሚሳፈረው በዝቷል ተባለባቸው። ቦሪስ ጆንሰን በ2008 ለከንቲባነት ሲወዳደሩ አስወጣቸዋለሁ ብለው ቃል ገቡ፤ የመጨረሻዎቹም በ2011 መጨረሻ ከመንገድ ወጡ። በ2012 የኋላ መውጫ ያለው አዲስ አውቶቡስ ተተካ፤ በ2016 ግን ያንን መውጫ የሚጠብቁት ረዳቶች ተነሡና በሩ በጉዞ ላይ ተዘግቶ እንዲቆይ ተደረገ። የብስክሌተኛው ስጋት እውነተኛ ነበር፤ እኔም በስፖኪዮ ውስጥ የኋላውን ጎማ እየተከተልኩ ስታጠፍ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ነገር ግን የክርክሩ ትልቁ ድርሻ ስለ መልክና ስለ ትዝታ ነበር፤ ዝቅ ያለው ወለልና ሦስቱ በሮች አንድ ፌርማታ ሙሉ ሕዝብ ያለ ግፊያ ሲያነሱ በየቀኑ ያየሁት እኔ፣ ይህ መዘንጋቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አጎቴ በጥሞና አዳመጡኝና፣ «እሺ ልጄ፤ ያንን ወለል ይዘህ ዓባይ በረሃን ውረድልኝ እስቲ» አሉ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ያለውን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ካልወረዱት የፍሬኑ ሸራ ግሎ መያዝ እንደሚያቆም፣ አንዴ ከጋለ በኋላ ፔዳሉን ቢረግጡት ባዶ እንደሚሆን በእጃቸው እያሳዩ አስረዱኝ። በዚያ መንገድ ላይ የሚያስፈልገው ጠንካራ ሻንሲና ጠንካራ ፍሬን እንጂ ዝቅ ያለ ወለል አይደለም። እኔም መልሼ፣ ታዲያ ለበረሃ የተሠራው መኪና ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል አልኳቸው። እሳቸውም በተራቸው፣ ክረምት ሲገባ ውስጥ ውስጡን ያለው መንገድ ጭቃና ጉድጓድ መሆኑን፣ ዝቅ ያለው አውቶቡስ ሆዱ እንደሚላጥ፣ የአየር ከረጢቱም በአቧራው ቶሎ እንደሚበላሽ ነገሩኝ። ይህን ለማስተባበል አልሞከርኩም፤ ትክክል ናቸው።

በሦስተኛው ቀን በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ በእግራችን ሄድን። በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ወርድ አለው፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል፣ ለብስክሌትና ለእግረኛም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። አጎቴ በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ላይ ብስክሌተኛውን እያስቀደሙ ከኋላው በዝግታ የሄዱባቸውን ዓመታት እያስታወሱ ደስ አላቸው። እኔን ያሳሰበኝ ስፋቱ ለፍጥነት የሚጋብዝ መሆኑ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሞት የሚያስከትል አደጋ 4 በመቶ ያህል ይጨምራል።

የተስማማነውም እዚያው ድልድዩ ላይ ነው። የብራዚሏ ከተማ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በዋና ዋና መስመሮቿ አውቶቡሱን ዝቅ በማድረግ ፈንታ ፌርማታውን ከፍ አድርጋዋለች፤ ተሳፋሪው ከፍ ካለው መድረክ ላይ ሆኖ ወደ ወለሉ በቀጥታ ይራመዳል። የባሕር ዳር አውቶቡስ ከፍ ማለቱ ካልቀረ ከፍ ማለት ያለበት ፌርማታው ነው፤ ብስክሌቱም ከአውቶቡሱና ከጠርዙ መሐል ወጥቶ ከፌርማታው በስተጀርባ ይለፍ። ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለው ፌርማታ ዓይነ ስውራንን አስቸግሯል፤ የብስክሌቱን መንገድ ሳያዩ ማቋረጥ ይኖርባቸዋልና። ስለዚህ ብስክሌቱ የሚያልፍበት ቦታ እግረኛው በእግሩ ሊያውቀው በሚችል ድንጋይ ይነጠፍ፣ ብስክሌተኛውም እዚያ ፍጥነቱን ይቀንስ አልኳቸው።

በአራተኛው ቀን በማለዳ፣ ባጃጆቹ ሳይመጡ፣ ወደዚያው ቦታ ተመለስን። አጎቴ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሰነዘሩ፤ አንድ ስንዝር ሆነ። አውቶቡሱ ሲመጣ እጃቸውን አንሥተው ሾፌሩን፣ «የሥራ ባልደረባዬ፣ እስቲ ጠርዙን አስታክልኝ» አሉት። ልጁ ገርሞት ሣቀና ጎማውን ከጠርዙ አጠገብ አቆመው፤ የቀረው ከፍታ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ሆነ። ከእኛ ጋር ሲጠብቁ የነበሩ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ የማንንም እጅ ሳይዙ ገቡ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስሄድ በዚያው አለፍኩ፤ ባጃጆቹ ተመልሰው ተደርድረዋል፣ አውቶቡሱም መንገዱ መካከል ቆሞ ሰው ያወርድ ነበር።