ኤሌና ቤቷን ያቃጠለችበትን ክፍል ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት

ደብረ ማርቆስ ላይ ደም ስለሚጠጡ ቫምፓየሮች የሚተርከውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ «ዘ ቫምፓየር ዳየሪስ»ን ይዤ ስድስት ቅዳሜ የትወና ውይይት መርቻለሁ። አምስቱ አማረ፤ አራተኛው ተበላሸ። አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ቢገኝ በአምስት ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ስለነበር እስካሁን ያንገበግበኛል። ሌላ ሰው እንዳይደግመው እጽፈዋለሁ። ታሪኩን ስለምናገር ድራማውን ያልጨረሳችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላችኋል።

ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2017 በስምንት ምዕራፍ 171 ክፍል ታይቷል። አንድ ሙሉ ክፍል እንኳ ማሳየት አያስፈልግም። ከሦስት እስከ ስድስት ደቂቃ የሚሆን ትዕይንት ቆርጣችሁ ሦስት ዙር አሳዩ፤ መጀመሪያ እንዳለ፣ ቀጥሎ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ በመጨረሻ ምስሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ። ከ25 ሰው በላይ አታስገቡ። ለአንድ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ላፕቶፑ ባትሪው የሞላ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩ ቢቆምም በላፕቶፑ የድምፅ ዙሩን ማስቀደም ትችላላችሁ።

ሰብታይትሉ (የግርጌ ጽሑፉ) ከንግግሩ እየራቀ ከሄደ ቪዲዮው በሴኮንድ 23.976 ፍሬም፣ ጽሑፉ ግን ለ25 ፍሬም የተሠራ ሊሆን ይችላል። በ42 ደቂቃ ውስጥ ልዩነቱ ወደ 100 ሴኮንድ፣ በአምስት ደቂቃ ደግሞ ወደ 12 ሴኮንድ ይደርሳል። በቪኤልሲ ማጫወቻ ላይ ማዘግየትና ማስቀደም አያድነውም፤ ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም የፍሬም ልኩን ቀይሩት። በአማርኛ የተደረበ ድምፅ ይዛችሁ ግን ስለ ትወና አትወያዩ። የምትሰሙት ሌላ ሰው የተወነውን ነው።

መጀመሪያ በካትሪን ጀምሩ። ኒና ዶብሬቭ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ኤሌናንም መልከ መሳይዋን ቫምፓየር ካትሪንንም ትጫወታለች። በምዕራፍ አንድ መጨረሻ ካትሪን ኤሌናን መስላ በረንዳ ላይ ኤሌናን ከሚወደው ቫምፓየር ከዴመን ጋር ትቆማለች፤ የኤሌና አክስት ጄና ወደ ቤት ታስገባታለች፤ ማዕድ ቤት ውስጥ የኤሌናን ዘመድ የጆንን ጣት እስክትቆርጥ ድረስ ተመልካቹ አያውቅባትም። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ባሉበት አገር ይህን ለማስረዳት ደክሜ አላውቅም። «ሰሙ ኤሌና፣ ወርቁ ካትሪን» ያለው ከተወያዮቹ አንዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር ሁለቱን የሚሸከመው ኅብር የቱ ላይ ነው የሚል ሆነ። ዓይኗ ላይ ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። እኔ አለመቸኮሏ ላይ ነው እላለሁ። ኤሌና ሁልጊዜ ለሰው የምታስረዳው ነገር አላት፤ ካትሪን ግን ሌላው እስኪናገር ትጠብቃለች። ፀጉርን በማስረጃነት አትቀበሉ። የካትሪን ፀጉር የተጠቀለለ፣ የኤሌና የተዘረጋ መሆኑ የፀጉር ሠሪ ሥራ ነው፤ ትወና አይደለም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ክላውስ የተባለው ጥንታዊ ቫምፓየር በመምህሩ በአላሪክ ገላ ውስጥ የገባባቸው የምዕራፍ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። አላሪክን ለሚጫወተው ለማት ዴቪስ ከባድ ሥራ ነው የተሰጠው፤ ጆሴፍ ሞርጋን ገና በክላውስነት ሳይታይ ክላውስን ቀድሞ መጫወት ነበረበት። የዛር ፈረስ ድምፁና አቀማመጡ ሲለወጥ እየሰማ ላደገ ተመልካች ጥያቄው ራሱ ይመጣል፤ ከፈረሱ ምን ቀርቷል? ዛር እውነት ነው አይደለም ወደሚል ክርክር ከተንሸራተተ ግን ወዲያው ቁረጡት፤ ማታም አያልቅም። በሦስተኛው ቅዳሜ የምዕራፍ አምስቱን፣ የካትሪን መንፈስ በኤሌና ገላ የገባበትን ጨመርንበት፤ ለሁለቱም ያው አንድ ጥያቄ ሠራ።

አራተኛው ቅዳሜ የምዕራፍ አራት ክፍል 15 ነበር። የኤሌና ወንድም ጄረሚ ሞቷል። ኤሌና መጀመሪያ አታምንም፤ ሙት የሚያስነሣው ቀለበቱ ይመልሰዋል ትላለች። ሬሳው መሽተት ሲጀምር ትሰበራለች፤ ቤቱን ከነሬሳው ለማቃጠል ነዳጅ ታርከፈክፋለች። መሬት ላይ ወድቃ ስታለቅስ የዴመን ወንድም ስቴፋን ዴመንን «እርዳት» ይለዋል። ቫምፓየር ስሜቱን ማጥፋት ይችላል፤ ኤሌናም በዚህ ጊዜ ቫምፓየር ሆናለች። ዴመን «ስሜትሽን አጥፊው» ይላታል። ፊቷ ባዶ ይሆናል፤ ቤቱም ይቃጠላል።

የመጀመሪያው ጥፋት የኔ ነው። ትዕይንቱን ለማሳጠር ብዬ ከነዳጁ ጀመርኩት። አላምንም ያለችበትን ቆርጬ ጣልኩት። ያንን ያላየ ሰው የሚያየው አንዲት ልጅ ተነሥታ የወንድሟን ሬሳ ስታቃጥል ነው። ሐዘኑ የት እንደነበር አያውቅም።

ሁለተኛው ጥፋት አሁንም የኔ ነው። ወረቀቱ ላይ «ኤሌና ልክ ናት?» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሽምግልና ይሆናል። ሰው ሁሉ ፈራጅ ሆነ። ፍትሐት ያልተደረገለት፣ ያልተቀበረ ሬሳ በእሳት ሲበላ እያየ ስለ ተዋናይት ፊት የሚያወራ ጎጃም ውስጥ አይገኝም፤ መገኘትም የለበትም። አርባውስ? ለቀስተኛውስ የት ይቀመጣል? ጥያቄዎቹ ትክክል ነበሩ፤ ቦታ ያላዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ቀብር ተወራ፤ የኒና ዶብሬቭ ስም አንድ ጊዜም አልተነሣም።

ሦስተኛው ግን የአዳራሹ ኃላፊ ነው። ለፈቃዱ ደብዳቤ ጠየቀ፤ ጻፍኩ። «ከፊልሙ የሚገኘው ትምህርት ይገለጽ» አለ፤ «ሐዘንን በትዕግሥት መቋቋም» ብዬ ሞላሁ። ያን ቃል በመጻፌ ዛሬም እቆጫለሁ፤ ትዕይንቱ ስለ ትዕግሥት አይደለም። ቀጥሎ ከማሳየቴ በፊት ለ15 ደቂቃ ዓላማውን እንዳብራራ አዘዘ። አብራራሁ። ማብራሪያው ተመልካቹን ትምህርት ፈላጊ አደረገው፤ ትምህርቱን ሲያጣ ደግሞ ተቆጣ። በሁለተኛው ዙር፣ ድምፁ ጠፍቶ የኤሌና ፊት ሊለወጥ ሁለት ሴኮንድ ሲቀረው ኃላፊው ተነሥቶ መብራቱን አበራና «ትምህርቱ ይኼ ነው?» አለ። ያቺን ሁለት ሴኮንድ ለማሳየት ነበር ሁሉም የተሰበሰበው። ሰውየው ድራማውን አንድ ክፍል እንኳ አላየም፤ ይህን ደብዳቤውን ሲቀበል ራሱ ነግሮኛል።

ስለዚህ ምክሬ ከኃላፊው መመሪያ ይለያል። ከማሳየት በፊት ምንም አታብራሩ። «ትምህርት» የሚለውን ሳጥን «የትወና ውይይት» ብላችሁ ብቻ ሙሉት፤ ካልተቀበሉ ሌላ ቦታ ፈልጉ። እኛ ቡና ከሚፈላበት ቤት ጓዳ ገባን፤ በግድግዳ ፋንታ ነጭ ጋቢ ሰቀልን፤ በዚያ ርቀት ምስሉ በቂ ነው።

ስድስተኛው ቅዳሜ ያንኑ ትዕይንት ደገምነው። አሁን በሁለት ቁራጭ ነበር፤ መጀመሪያ ቀለበቱ ይመልሰዋል ያለችበት ሁለት ደቂቃ፣ ቀጥሎ ከነዳጁ እስከ እሳቱ አራት ደቂቃ። እንዳለቀ አሥር ደቂቃ ለሬሳው ሰጠሁ። ሰው ስለ ቀብሩ የሚለውን ሁሉ አለ፤ ወጣለት። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ሦስት ዓምድ ነበረ፤ ገጸ ባሕርይዋ ምን ወሰነች፣ ደራሲዎቹ ለምን እንዲህ አደረጓት፣ ተዋናይቷ በምን አሳየችን። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «ጎበዝ ናት» ብሎ መጻፍ ተከልክሏል፤ እጅ፣ ትንፋሽ፣ ዓይን፣ ድምፅ፣ አንዱን መጥራት ግዴታ ነው።

የመጀመሪያው ዓምድ ላይ ክርክሩ የበረታው በሳየር ቦንዱ ምክንያት ነው። ኤሌና ቫምፓየር የሆነችው በዴመን ደም ስለሆነ ትእዛዙን ትፈጽማለች፤ ሳየር ቦንድ የሚሉት ይህን ነው። ታዲያ ስሜቷን ያጠፋችው እሷ ናት ወይስ እሱ? ከታሪኩ ብቻ ተነሥቶ የሚፈታ አልመሰለንም ነበር። የፈቱት የድምፅ ዙሩ ላይ ዝም ብለው የቆዩ አንዲት እናት ናቸው። «ለቅሶ ሲያበቃ ትንፋሽ ቀስ እያለ ነው የሚመለስ፤ የሷ ግን ተቆረጠ» አሉ። ቁራጩን መልሰን ሰማነው። ልክ ናቸው፤ ሳግ የለም፣ ማረፍ የለም፣ እንደ ተበጠሰ ክር ነው። ራሷ ያቆመችው ለቅሶ አይመስልም። ኒና ዶብሬቭ የታዘዘ ሰው አድርጋ ነው የተጫወተችው፤ የገጸ ባሕርይዋ ጥያቄ መልስ ያገኘው ከትንፋሿ ነው። ቤቱ «ይበል!» አለ።

ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። «እርዳት» ሲል፣ ዴመን የሚያደርገውን ስቴፋን አስቀድሞ ያውቅ ነበር? በምዕራፍ ሦስት ክላውስ ስሜቱን በግድ ያስጠፋው ሰው ነውና ምን እየጠየቀ እንደሆነ አይጠፋውም ባይ ነኝ። ሌሎቹ ጨንቆት ነው ይላሉ። ይህን ለማየት አራተኛ ዙር ጨምሩ፤ ድምፁን አጥፉና ኤሌናን ትታችሁ ስቴፋንን የሚጫወተውን ፖል ዌስሊን ብቻ ተከተሉ።