ቀዳዳው ስለገጠመ ብቻ የገጠምነው ቸርኬ

ጎሚስታ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነው። አንድ የራይድ ሾፌር ቪትዙን ይዞ መጣ። ከሶማሌ ተራ አራት ያገለገሉ ስፖርት ቸርኬዎች ገዝቷል፣ ከነጎማቸው። ባለ 15 ናቸው፣ ደግሞ ያምራሉ። እኔ ያየሁት ቀዳዳውን ብቻ ነበር። አራት ቀዳዳ፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ 100 ሚሊ፣ ልክ እንደ ቪትዙ። ዳዶው ገባ፣ ጠበቀ፣ ክሪኩን አወረድን፣ ልጁም ደስ ብሎት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ።

"ወንድሜ፣ ከኋላ ሰው ሲሞላ የሆነ ነገር ይፍቃል" አለኝ። ጎንበስ ብዬ የኋላውን ጎማ በእጄ ዳሰስኩት። የፓራፋንጎው ጠርዝ ትከሻውን ዙሪያውን ልጦታል፣ አንድ ቦታ ላይ የውስጡ ክር ይታያል። በዚያ ጎማ ሰው ሲያመላልስ ነው የከረመው። ክው አልኩ።

ጋሼ፣ የቤቱ ባለቤት፣ አልተቆጡኝም። ቸርኬውን አስፈትተው በፊቱ ደፉት፣ ቀለም የሸፈነውን ጽሑፍ በቲነር ጠረጉና "በል አንብብ" አሉኝ። 7ጄ፣ ኢቲ 35 ይላል። የፋብሪካው ላይ ደግሞ 5.5ጄ፣ ኢቲ 45። ከጄ በፊት ያለው ቁጥር የቸርኬው ወርድ ነው፣ በኢንች።

ኢቲ ማለት ኦፍሴቱ ነው። ቸርኬው ዳዶ የሚታሰርበት ፊት ከወርዱ መሃል ስንት ሚሊ ወደ ውጭ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲበዛ ወደ አሞርዛተሩ ይገባል። "ከ45 ወደ 35 እኮ 10 ሚሊ ብቻ ነው፣ ምን አላት?" አልኳቸው። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ እንደዚህ ነው የሚያስበው፣ የወርዱን ነገር ይረሳል።

ጋሼ ወረቀት አወጡ። ወርዱን ለሁለት ክፈል፣ ኢቲውን ቀንስ። 5.5 ኢንች ወደ 140 ሚሊ ነው፣ ግማሹ 70፣ 45 ሲቀነስ 25። 7 ኢንች ደግሞ 178፣ ግማሹ 89፣ 35 ሲቀነስ 54። ጠርዙ 29 ሚሊ ወጥቷል፣ ሁለት ጣት ሊሞላ ምንም አልቀረው! በውስጥ በኩል ኢቲውን በግማሹ ላይ ስንደምረው ደግሞ 115 የነበረው 124 ሆኗል፣ ወደ አሞርዛተሩም 9 ሚሊ ተጠግቷል ማለት ነው።

ልጁ ፓራፋንጎውን ቀጥቅጠን እንድናጥፍለት ለመነን። እኔ አይሆንም አልኩ። እንደዚያ የወጣ ጎማ ኩሽኔታውን ያደክማል፣ የፊቱ ደግሞ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር መሪውን ከእጅ ይነጥቃል። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ለሚውል ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሻጩ ደግ ሆኖ በ6ጄ ኢቲ 45 ለወጠለት፤ ስናሰላው ከፋብሪካው የሚወጣው 6 ሚሊ ብቻ ነው። የተበሉትን ሁለት ጎማዎች እኛ ከፈልን። ከዚያ ሦስታችን ከኋላ ተጠጋግተን ተቀመጥንና ልጁ ከበራችን ፊት ለፊት ያለውን ብሬከር ሦስቴ ተመላለሰበት። መስኮቱን ከፍቼ ጆሮዬን ወደ ጎማው አዘንብዬ ነበር። ምንም ድምፅ የለም።